ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አምስት

ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣ ከተፈለፈለች ገና አምስት ቀኗ፤
ገላዋ ውሃ ነው፣ ጥላ የሚጥል የላት ከሁለት ዓይኗ
በቀር። ኦካዛኪ፣ ከኮረብታው ሥር፣ መስኮት የሌለው ቤት፣
ሺዙኤ ኦኩሙራ በቀለጠ ሰም ውስጥ አስተኛቻት።
ከዚያ በፊት ግን አንገቷን ሰበር አደረገች፣
እንደ ሁልጊዜዋ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረች።
ግቢው ውስጥ ድንጋይ አለ፣ ለሞቱልን እንስሳት የቆመ፤
በዓመት አንድ ቀን አበባ ይዞ ይሄዳል የቻለ፣ ያልታመመ።

ከዚያ ምላጩ ነው። ሚሊሜትርን ለሁለት መቶ ካፍለው፤
የአንዱ ድርሻ ነው በእሷ እጅ አንድ ገጽ የሚባለው።
ገጽ ከገጽ ተያይዞ ጥብጣብ ሆኖ ይወርዳል፣
ለብ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጭምድዱ ይዘረጋል፤
በብሩሽ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ትገፋዋለች፣
መስተዋት ላይ ታወጣዋለች።
ሰሙ ይታጠባል። ቀለም ይገባል፤
አስኳሉ ወይን ጠጅ፣ ሥጋው ጽጌረዳ ይመስላል።

እኔ ታትሱሮ ነኝ፤ የእኔ ድርሻ ማያው ነው፣
ስምንት መቶውን ገጽ አንስቼ ጠርዝ ከጠርዝ የማጋጥም ሰው።
የትም ያለ ተማሪ ጣቱን ቢያንሸራትት በአፏ ይገባል፣
የጆሮዋን ጠጠር አልፎ፣ ጉበቷን ዞሮ፣ ሐሞቷን አይቶ
በጅራቷ ይወጣል።
በየአካሉ ላይ ስም ስለጥፍ ሺዙኤ ታርመኛለች ስሳሳት፤
"ጣፊያ አይደለም ያ፤ ጣፊያ ገና ከፊትህ ናት።"

ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ የልቧ ደጅ።
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፣ የልቧ ጓዳ።
መካከላቸው የመዝጊያው ማጠፊያ ነበረ።
የለም።
ልብ ያላለ ሰው ልቧ ላይ መጉደሉን ሳያውቅ ያልፋል።

"የት ሄደ?" አልኳት። ዝም አለች። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ፤
በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦ "አነጠስኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"
መጋቢት ነበር፣ የሱጊ ጥድ ብናኝ ከተማውን ቢጫ ያለበሰበት፣
መነጽሯን እንፋሎት ስለያዘው ማስኳን ለአፍታ ዝቅ ያደረገችበት
ሰዓት።

"ቀላል ነው" አልኩ። "ከፊትና ከኋላ ያሉትን አይቶ
ኮምፒውተሩ መካከሉን ይስላል፤ ማንም አይለየውም ከቶ።"
የሻይ ጽዋዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።
"የቆረጥኩት እኔ፣ እኔ እንኳ ሳላየው ነው የጠፋው፤
ታዲያ እሱ ከየት አየው?"

ግራጫ ገጽ አኖርንበት፣ ቁጥሩ ብቻ ያለበት።
አለቃችን ኡሺጎሜ "እንከን ይመስላል" አለ፤
ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀመጥን። ገጹ ግራጫ እንደሆነ ዋለ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ከቫልዲቪያ፣ ከቺሌ ደቡብ፣ ከዝናብ አገር፣
ኦሪያና ካትሪላፍ የምትባል ጻፈችልን፤ ሌት ተቀን የምታጠናው ነገር
መዝጊያው የሚያፈስ ልብ ነው፣ በዓሣ ጫጩት ደረት።
"ልክ የምፈልገው ቦታ ላይ ግራጫ ገጠመኝ፤ ምን አገኘው?" አለችን።

ሺዙኤ መልሱን ራሴ ልጻፍ አለች። በሁለት ጣት፣
ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፦
"አነጠስኩ። የጥድ ብናኝ ነበር። ያችን ዓሣ መልሶ መቁረጥ አይቻልም።
ጎረቤቶቹን ልኬልሻለሁ። ሌላ ዓሣ ሰም ውስጥ አለችኝ፤ ግን እሷን አይደለችም።"

እዚህ አገር ላነጠሰ ሰው ምንም አይባልም፤
ያጠገቡ ሰው እንዳልሰማ ይሆናል፣ ቀና ብሎም አያይም።
በማግስቱ ከቫልዲቪያ አንድ ቃል ብቻ መጣ፦

ይማርሽ።

"ምን ማለቷ ነው?" አለችኝ። እነሱ ዘንድ ላነጠሰ ሰው ይባላል አልኳት።
"ከሦስት ዓመት በኋላም?"
እኔ እንጃ። ብሎም አያውቅ ይሆናል፣ እስከዛሬ፣ ማንም።

ሺዙኤ አንገቷን ሰበር አደረገች፤
ወደ ማያው ይሁን
ከማያው ኋላ፣ ሰም ውስጥ፣ ተራዋን ወደምትጠብቀው ዓሣ
አልለየሁም።