አራተኛ ፎቅ፣ ፈርዋንያ

ዓርብ ነው። ከሰላት በኋላ ፈርዋንያ ተኝታለች፤
ባዶ አስፋልት ላይ ፀሐይ ብቻዋን ትመላለሳለች።
ሊፍቱ ከፍልሰታ ጾም ወዲህ ቆሟል፤
ደረጃ የወጣ ሁሉ፣ ሰላም ከማለቱ በፊት ቁና ቁና ይተነፍሳል።
ሦስቴ ያንኳኳ፣ የእኛ ሰው ነው፤
አራቴ ከሆነ፣ ጎረቤት ነው፤
አንኳኩቶ የማያቆም ከመጣ፣ መብራት አጥፍቶ ዝም ነው።
ይርገዱ ከበሩ ኋላ ጆሮዋን ለጥፋ ትጠብቃለች፤
ፊደል አልቆጠረችም፤ ኳኳታ ግን ታነባለች።

ምንጣፉ ላይ ሃያ ሦስት ሴት፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣
የየማዳማችንን የሳሙና ሽታ በየገላችን ለብሰን፤
ወንድ ቢባል ሹፌሩ ዋሲሁን፣ እሱም ወገቡ አልታጠፍ ብሎት
ፍሪጁን ተደግፎ ቆሟል፣ እንደ ምሰሶ ለቤት።
መሐል ላይ የኒዶ ጣሳ።
ያላት እጇን ከትታ ትተዋለች፣ የሌላት ከትታ ታነሣ፤
ሁሉም እጅ ተጨብጦ ይገባል፣ ተጨብጦ ይወጣል፤
ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ፣ ጣሳው ብቻ ያውቃል።

በዚህ ጣሳ የማንጠግቦሽ እግር ጀሶ ታሰረለት፤
በዚህ ጣሳ ለብርቄ ሬሳ ተቆረጠለት ትኬት።
በቁሟ ሳለች፣ ያችኑ ትኬት
ካፊሏን ለምናው ነበር፣ አራት ዓመት።

ጉርምርምታም ነበረ፤ ምን አስዋሸኝ።
ሌንሴ፣ የደምቢዶሎዋ፣ አንድ ዓርብ ብድግ ብላ፦
«አማርኛ ለምታጣፍጠው ጣሳው ይሞላል፤
ለእኛ ሲሆን ክዳኑ ብቻ ይጮኻል» አለች።
ጥንትም እንዲህ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቤት
ቋንቋቸው ሌላ የሆነ፣ ማዕድ ሲታደል የተረሱ መበለቶች ነበሩበት።
እነሱ ሰባት ሾሙ።
እኛ፣ ሰባት ሴት በአንድ ላይ ፈቃድ የምታገኝበት ዓርብ ቢጠፋ፣
ሦስት ሾምን። አንዷ ሌንሴ።
ከዚያ ወዲህ ጣሳው በሁለት ቋንቋ ይቆጠራል።

ደብተሩ የእኔ ነው፤ የማዳም ልጅ ግመል ስሎ የጣለው፤
ንባቡም የእኔ ነው።
ቃላችን አንድ ነበር፦ ከደመወዝ ውጭ የተገኘ የጣሳው ነው።
በዚያ ዓርብ ንባቡ እነዚያ ባልና ሚስት ላይ ደረሰ፣
መሬት ሸጠው፣ ከዋጋው ያስቀሩት።
ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ።
ካልሲዬ ውስጥ ሃያ ዲናር አለ፤
ውስጥ እግሬ ሥር እንደ ፍም ተቀጣጠለ።
የማዳምን አማት ቤት ሦስት ሌሊት ፈትጌ ያገኘሁት፣
ለእህቴ ለየውብዳር፣ የነርስነት ትምህርት ክፍያዋ እስከ እሑድ የሆነባት።
ማንም አልጠየቀኝም። እሱ ነው የከበደኝ።
ብጠየቅማ እዋሽ ነበር፤ መዋሸትን አገሩ አስተምሮኛል።

ማቀዝቀዣው ይንጠባጠባል። ጠብ። ጠብ።
«ካልሲዬ ውስጥ ነው» አልኩ።
ማንም ምን እንደሆነ አልገባውም።
ይርገዱ ብቻ፣ ጆሮዋን ከበሩ ሳትነቅል፦
«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንዳትወድቂብን!
የዚያን ዘመኖቹ ጎልማሶች ነበሯቸው፣
ጠቅልለው፣ ተሸክመው የሚያወጡላቸው፤
የእኛው ዋሲሁን ወገቡን ያመዋል።
አራት ፎቅ ነው። ሊፍቱም ቆሟል።
ብትሞቺ ማን ያወርድሻል?»

ሳቅን በነጠላ አፍነን ሳቅን።
እኔ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።
ሃያዋን ዲናር፣ እርጥቧን፣ እግር እግር የምትሸተውን፣
መሐል አስቀመጥኩ።
ሌንሴ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፦
«የማን ናት?»
«የየውብዳር።»
«እንግዲያ ይጻፍ፤ ለየውብዳር፣ ከጣሳው» አለች፤
አምስት ደግሞ ከላይ ጨመረች።
ሃያ አምስት ብዬ በእጄ ጻፍኩ፤
ቦታ ስላልነበረ፣ ግመሉ ሻኛ ላይ።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛውን ጠበቅን፣ ትንፋሽ ውጠን።
ከማዶ የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣
ቁና ቁና።
ይርገዱ መወርወሪያውን ያዘች።