ጨው ማደሪያ

ትኬት እቆርጣለሁ፣ በዚች ጠባብ መስኮት፤
ሠላሳ ለአዋቂ፣ አስር ለሕፃናት።
ሳሙና ለረሳ፣ ግማሽ እሸጣለሁ፤
የከተማችን ወግ፣ በነጻ እሰጣለሁ።

ከባቲ ወደ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወዲህ፣
ካርታ ቢዘልለንም፣ አለን እኛስ ከዚህ።

ከአፋር በረሃ፣ ሳምንታት ተጉዞ፣
ግመል አሞሌውን፣ ግራና ቀኝ ይዞ፣
እዚህ ነው የሚያበቃ፣ ዳገት አይወድምና፤
ሾላው ስር ይራገፋል፣ ይንበረከክና።
ሌሊቱን አድሮ ጨው፣ ሲነጋ በበቅሎ
ወደ ደጋ ይወጣል፣ ዋጋው በእጥፍ ዘሎ።
አንድ ሌሊት ማደር፣ ያቺው አንዷ ሌሊት
ናት ከተማ የሆነች፣ ቀስ በቀስ፣ ቤት በቤት።

መጫኛ ገማጁ፣ ጠፍር ለፊው መጣ፤
ቀራጩም ሸተተው፣ ሚዛኑን አወጣ።
ጦይባ ከስንዱ ጋር፣ አንድ ጓዳ ገዝተው፣
ቅሪቦና ጠላ፣ በሁለት ጋን ሞልተው፤
እስላሙ ቅሪቦ፣ ክርስቲያኑ ጠላ፣
በስባሪ አሞሌ፣ ጠጣ፣ ተኛ ኋላ።

ነጋድራስ ጓንጉል፣ ግንብ ሠራ ረዥም፣
መስኮት የሌለበት፣ ነፋስ የማይገባም፤
አሞሌው ጣራ ድረስ፣ እንደ ጡብ ተደርድሮ
ሃምሳ ክረምት ቆየ፣ ከግድግዳው አብሮ።
ከግንቡ ጀርባ ግን፣ የፈላ ውሃ አለ፤
ያኔ ግን ማን አየው፣ ማን ሀብት ነው አለ?
የግመል ቁስል ነው፣ የሚታጠብበት፣
የሁመድ ቁርጥማት፣ የሚዘፈቅበት።

ከዚያ ጠገራ መጣ፤ ከጠገራው ወረቀት፤
ከወረቀቱ ጋር፣ የጭነት መኪና፣ ፍጥነት።
መኪና ዳገትን፣ እንደ ግመል አይጠላም፤
አንድ ሌሊት ማደር፣ ለማንም አልበጀም።
በላያችን አለፈ፣
ጨው፣
ሳያድር።

«ጨው ለራስህ ስትል፣ ጣፍጥ» ይሉ ነበር፤
ጣፍጦም እንደ ድንጋይ፣ ተጣለ ከበር።

ልጁ፣ አቶ መኳንንት፣ ባዶ ግንብ ወርሶ፣
ሦስት ዓመት ተቀመጠ፣ ከንፈሩን ነክሶ።
አንድ ቀን አንዲት ሴት፣ በቃሬዛ መጥታ፣
ከፈላው ውሃ ወርዳ፣ በእግሯ ሄደች ማታ።
(አባቴ ሲነግረኝ፣ እዚህ ጋ ይስቃል፤
ቃሬዛውን ማን ሠራው? ስለው፣ ይጠቅሳል።)
ወሬው ደሴ ገብቶ፣ ወልዲያ ላይ አይሎ፣
ግንቡ ሰባት ሆነ፣ በሳንቃ ተከፍሎ፤
ከበሩ ተጻፈ፦ «የፈውስ ፍልውሃ»፤
ከጨው የተረፈው፣ ነገደ በውሃ።

መንግሥት ተቀየረ፤ በሩ ላይ ቀይ ቀለም፤
መኳንንት ተባረረ፤ ስሙ እንኳን የለም።
ቁልፉ ለቀበሌ፣ ከዚያ ለአባቴ፣
ከአባቴ ለኔ፤ ይኸው በአንገቴ።

ግን ክረምት ሲገባ፣ ግንቡ ያልበዋል፤
ሃምሳ ዓመት የጠጣው፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል።
ቀቢው ሰይድ ይመጣል፣ ባልዲ ተሸክሞ፤
ይቀባል፤ ይላጣል፤ ይቀባል ደግሞ።
ሌሊት የሙሄ ላም፣ ገመዷን በጥሳ፣
ታድራለች ማዕዘኑን፣ ልሳ፣ ደግማ ልሳ።
እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።
«አባሪያት!» ይለኛል፣ ዘበኛው በቁጣ፣
«ከተማው አለቀ፣ በአንዲት ላም ተጠጣ!»
እኔ ግን አልነሳም።
ሀገር ሁሉ ረስቶት፣ ድንጋይ ነው ቢለውም፣
የሷ ምላስ ብቻ፣ አልተሳሳተም።

ትናንት ማታ ደግሞ፣ አንድ የሲኖ ሾፌር
ወገቡን ደግፎ፣ ቆመ ከኔ በር።
«የምር ያድናል ወይ?» «ይሞቃል» አልኩት፤
ሌላ እንዳልቀባጥር፣ ቁልፉን ሰጠሁት።
ሲወጣ ለስልሶ፣ «እዚሁ ልደር» አለ።
«ምን ጭነሃል?» አልኩት። «የአፍዴራ ጨው» አለ።
ሾላው ስር አቆመ።

የሙሄ ላም መጥታ፣ አሸተተች ጎማውን፤
ትታው አልፋ ሄደች።
ያዘች ማዕዘኗን።