እያሳሳቀ

ቀይ ወንዝ ወደ ሰሜን ነው የሚፈስ፤
ደቡቡ ቀልጦ ሲደርስ
ሰሜኑ ገና በረዶ ነው፣ በሩን ዘግቶ የተኛ፤
ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ይዞራል ወደ እኛ።

በዚያ ሚያዝያ፣ ከዊኒፔግ በስተደቡብ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ጓዳ
የኔ ድርሻ አሸዋ መዛቅ አልነበረም። ፎርም መሥራት ነበር፦
የቤት ቁጥር፣ የባለቤት ስም፣ ስልክ፣
ገና የሚያስፈልግ የአሸዋ ጆንያ ልክ፤
ከታች አንድ ቁልፍ፣ «አስቀምጥ»፤
ሲጫኑት አረንጓዴ ምልክት ብቅ የሚል፣ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ።
ስፈትነው ብቻዬን ነበርኩ፤
ብቻውን ያለ ሰው ከማን ይጋጫል?

ሎሬይን ሻርትራን ከትምህርት ቤቱ ጂም ሆና
የአሥራ አራት ቁጥርን ገጽ ከፈተች፤ ሁለት መቶ ይላል።
ኮርኒ ዱክም ከግድቡ ላይ፣ ከፒካፑ ጋቢና
ያንኑ ገጽ ከፈተ፤ ሁለት መቶ ይላል።

እሷ ሬዲዮ ሰማች፣ ውሃው አንድ ክንድ ሊጨምር ነው፤
ሁለት መቶውን አጥፍታ አምስት መቶ ጻፈች።
አስቀምጥ። አረንጓዴ።
እሱ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ
የወይዘሮ ሂልደብራንድን ስልክ አረመ፤
መጨረሻው ሰባት እንጂ አንድ አልነበረም።
አስቀምጥ። አረንጓዴ።

ጆንያውን አልነካም፤ ዛሬም ብጠየቅ እምልለታለሁ።
ፎርሜ ግን የተነካውን ካልተነካው አይለይም፤
ስልኳን ሲልክ ገጹን ጠቅልሎ ላከው፣
ከሩብ ሰዓት በፊት ያየውን ሁለት መቶ እንደ አዲስ ቃል።
አምስት መቶውም ሰመጠ፤ ጩኸት የለ፣ አረፋ የለ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
የኔው ውሃ በአረንጓዴ ጥርሱ ለሁለቱም ሳቀላቸው።

ንጋት ላይ፣ ሦስት መቶ ጆንያ የጎደለው ክምር
ከጥግ በኩል ተናደ።
ሰው አልተጎዳም። ምድር ቤቷ ግን ሞላ፤
ድንቹ ተንሳፈፈ፣ የፕለም ማርማላታዋም
ብልቃጥ ከብልቃጥ እየተላተመ፣ የሩቅ ደወል ይመስል።

«ጽፌ ነበር» አለች ሎሬይን።
«አልነካሁም» አለ ኮርኒ።
ሁለት እውነት አንድ ጭቃ ላይ ቆመው ጀርባ ተሰጣጡ፤
ዳኛ ቢጠራስ ለማን ይፈርዳል?
ሐሰተኛው እኔ ጓዳ ነበር፣
ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ተጋድሞ።

መጀመሪያ መቆለፍ አማረኝ፦ አንዱ ገጹን ከያዘ ሌላው ይጠብቅ።
ኮርኒ ግን ገጹን ከፍቶ ጋቢናው ውስጥ ያንቀላፋል፤
እሱ ሲያንኮራፋ መንደሩ ተቆልፎ ሊያድር ነው።
ተውኩት።
ለየገጹ ቁጥር ሰጠሁ፣ በተነካ ቁጥር አንድ የሚያድግ፣
«ሲከፍቱት ስምንት ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ነው» ብሎ እጅ የሚይዝ።
የተነካው ብቻ ይሂድ አልኩ፤ ስልክ ያረመ ስልኩን፣
ጆንያ የቆጠረ ጆንያውን።
ሁለት እጅ አንድ ሳጥን ላይ ካረፈስ?
እዚያ ላይ ማሽኔ ልኩን ይወቅ። አማካይ አያውጣ፣
ኋላ የመጣውን አያንግሥ፤
የሷን በግራ፣ የሱን በቀኝ ያኑር፣
ስልካቸውንም ከሥር።

በሁለተኛው ሙላት፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ መዝገቡን እያየሁ ነበር።
ሃያ ሁለት ቁጥር፦ እሷ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ እሱ መቶ ሃምሳ።
ቆመ።
ከዚያ ንጋት ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም፤ አገሩ ያውቃል።
አርባ ደቂቃ ምንም የለም። ሻዬ ቀዘቀዘ።
ከዚያ አንድ ቁጥር ገባ፣ የሷም ያይደለ፣ የሱም ያይደለ፦
ሦስት መቶ አሥር።
አብረው ሄደው ለክተው ነበር።

ግንቦት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብልቃጥ አገኘሁ፣
ከጎርፍ የተረፈ ማርማላታ።
ወይዘሮ ሂልደብራንድ አዲስ ወረቀት ለጥፋለች፣
ስሙንና ዓመቱን በሰማያዊ ቀለም፤
አሮጌውን ግን አልላጠችም።
ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት
ውሃ ያፈሰሰው ፊደል ከሥር ይታያል።