ቁጥር አሥራ ስድስት

በላይፕሲግ ከተማ፣ የካቲት ሲጋመስ፣
ትራሙ በረዶ እያኘከ ሲመለስ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ደወሉን ነካሁት፤
በሩ በሰንሰለት ልክ ሲከፈት አየሁት።
አንድ ዓይን፣ ግማሽ ከንፈር፤ «ለከበሮው?» አለኝ።
«አዎ» አልኩ፤ ሌላ ጀርመንኛ ጠፋኝ።

ወይዘሮ ሂልትሩድ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላ፣
እንደ አራስ አንገት ደግፋ፣ አዘንብላ
አስታቀፈችኝ። «የዮርግ ነበር» አለች፣ «ነበር»ን አጥብቃ፤
ሰው ለካ በአንዲት ቃል ይታሸጋል፣ እንደ ዕቃ።
አልጠየቅኋትም ልጅ ይሁን ባል።
መቶ አርባ ዩሮ፣ እሽግ ስደረድር የሦስት ሌሊት ትከሻ ያህል፣
ቆጥሬ ሰጠኋት፤ ቆጠረችው ደግማ፣
አሥር መለሰችልኝ፤ «ገመድ የለውማ።»

ክፍሌ ጠባብ ነው፤ አልጋው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው አልጋ።
ሦስት ሱቅ አዳረስኩ ገመዱን ፍለጋ፤
አንዱ ወንዴ፣ አንዱ ሴቴ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤
ማን ነግሮኝ ጋብቻቸው ሽማግሌ የሚያሻው መሆኑን!
ሶፍትዌሩን ጫንኩት፣ የሠላሳ ቀን ሙከራ፤
ሲከፈት የፓይለት ክፍል፣ ቁልፍ በቁልፍ የተሠራ።
አንዱን ተጫንኩ፤ ዝም። ሌላውን፤ ዝም።
እስከ ሌሊቱ ስምንት ድምፅ የሚባል የለም።
ለካ ማጉያው ዜሮ ላይ ነው የተኛ፤
እኔ መመሪያውን ገልጬ፣ ገጽ መቶ ሰባተኛ!

ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ግን ከጣቴ ኋላ ይንፏቀቃል፣
እንደ ቢሮ ጉዳይ «ነገ ተመለሽ» ይላል።
ማቆያውን ሳሳንሰው ይንጣጣል እንደ ቆሎ፤
ሳበዛው ይመጣል፣ ካለፈ በኋላ፣ ይቅርታ አዝሎ።
ቆጣሪው አራት ይላል፤ እጄ ስድስት ይላል።
አንቺሆዬን ስፈልግ በነጩና በጥቁሩ መካከል ይሾልካል፤
የድምፅ ስባሪውን «ሳንቲም» ብለውታል እነሱ፣
ሳንቲም በሳንቲም ቀንሼ ስመዝን፣ ነግቶ ወፎች ተነሱ።
ከታች ጎረቤቴ በመጥረጊያ ዘንግ ጣራውን ደለቀ፤
ምቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ከኔ የረቀቀ።

ከሥራ ቦታ ድምፅ ሰረቅሁ፣ ስልኬን ደረቴ ኪስ ደብቄ፤
እሽግ ከቀበቶው ሲወድቅ፣ ካርቶን ሲቀደድ፣ ያመለጠኝ ሳቄ።
ምንተስኖት፣ የፈረቃ ጓደኛዬ፣ «ይሄ ዘፈን ነው?» አለኝ ሲሰማ፤
«ገና ነው» አልኩት፤ «ለጊዜው ደመወዛችን ነው፣ በዜማ።»

ማሽኑ አሥራ ስድስት ጎጆ አለው፣ ምት የሚያሳድር።
ሁሉም ሙሉ ነበር። እኔ ምን ልወቅ፣ የጀማሪ ነገር፤
«ይሰረዝ?» ሲለኝ «አዎ»፣ «ይሰረዝ?» ሲለኝ «አዎ»፣
አሥራ አምስቱን ጠረግሁ፣ አዲስ ተከራይ ግድግዳ እንደሚቀባው፣
አንዱንም ሳልሰማው።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ጣቴ አዳለጠኝ፤
«አጫውት»ን መታሁ። አንድ ሰው ገባብኝ።
ረገጥ፣ ረገጥ፣ ጭብጨባ፤ ከዚያ አንዲት ባዶ፣
ቁልፍ ረስቶ ደረጃ ላይ እንደቆመ ሰው፣
እግሩ ባየር ቀርቶ፣ ሐሳቡ ማዶ።
እንደገና ረገጥ። አላለቀም፤ ይዞራል።
የሞተ ሰው ለካ ሳይጨርስ ይቆጥራል።

የኔን የመጀመሪያ ምት በአንደኛው ጎጆ አኖርኩ፤
አንካሳ ነው። የሱም አንካሳ ነው። ሁለቱን አላስታረቅኩ።

እሑድ ደወልኩላት። የአሥራ አምስቱን ነገር አልነገርኳትም፤ ፈራሁ።
ስልኩን ከማጉያው አስጠግቼ አጫወትሁ።
ዝም አለች። ዞረ። ዝም አለች። ዞረ።
«ግድግዳ እየደበደብኩ ‹ዝቅ አድርግ› ስለው ነበረ፣
ሃያ ዓመት።» ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ ቀረ።
«አሁን ከፍ አድርጊው።»
ከታች መጥረጊያው ጀመረ።
ከፍ አደረግሁት።