ብረቱን አንሺልኝ

በሲንሲናቲ ከተማ፣ ከአራተኛው ፎቅ ላይ፣
ጣራው መስታወት ነው፣ ይገባበታል ሰማይ።
ፔቲፎርድ ፎቶ አንሺው፣ ጣቱን የብር ውሃ ያጠቆረው፤
እኔ ሉቪኒያ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሥራዬ መቁጠር የነበረው።
ደመና ሲሆን ሃያ፣ ፀሐይ ስትወጣ ስምንት፣
ሰው ሐውልት ሆኖ የሚቆይባት ቅጽበት።

ከወንበሩ ጀርባ አንድ ብረት አለ፣
ሹካ መሳይ፣ ከማጅራት ሥር የተተከለ፤
ራስ እንዳይነቃነቅ ይይዛል አንገትን፣
ካሜራው አያየውም፣ ይሸሽጋል ራሱን።

ያን ሰሞን ደንበኞቻችን ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤
ከእኛ ወገን ሰባቱ በአንድ ወረቀት ሊሰፍሩ፣
ታትመው ሊሸጡ፣ በየቤቱ ሊሰቀሉ፣
ልጆች ቀና ብለው "ይሄ ማነው?" እንዲሉ።

ጳጳሱ መጡ፤ ጺማቸውን ሦስት ጊዜ አበጠሩ፣
ብረቱ ሲይዛቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ።
ጋዜጠኛው መጣ፣ እጅጌው ቀለም፣ ስለ ወረቀት ዋጋ ሲያማርር፣
አሥራ ሰባት ላይ አስነጠሰ፤ እንደገና ከአንድ መጀመር።
መምህርቷ ዶርካስ ቲልማን፣ ጠመኔ የበላው ጣቷን አጣጥፋ፣
"ሴቲቱ ከታች ጥግ ትሁን" የሚለውን የአታሚ ደብዳቤ ሰምታ፣ ሳትከፋ፣
"ጥጉን ስጡኝ" አለች፣ "ፊቴ ግን ወደ ፊት ይሁን።"
እስከ ሃያ ስቆጥር አልሰበረችም ዓይኗን።

ሐሙስ ለት በዝናብ፣ ከደቡብ ባቡር ወርዶ፣
ክረንሾ ገባ፣ ኦባዳያ፣ በራፉን በትከሻው ጋርዶ።
"በምክር ቤት ሲናገር ወንበር ይንቀጠቀጣል" ይሉ ነበር፤
ለእኛ ግን "እንደምን ዋላችሁ" ብቻ፤ ሌላ የለም ነገር።

ተቀመጠ። ብረቱን ገፋሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ከኋላው፤
ቀዝቃዛው ሹካ ማጅራቱን ሲነካው

እንዴት ልበል?

እጁ የወንበሩን ክንድ አንቆ ያዘ፣
ፊቱ ላይ የነበረው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ተጓዘ።
ነጩ ኮሌታ ሸሸት ሲል፣ ከሥሩ አየሁት፤
ዞሮ የገጠመ ጠባሳ፣ ብረት የጻፈው ጽሕፈት።

"ልጄ" አለኝ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ፣
"ብረቱን አንሺልኝ። ቁጭ ማለት አውቃለሁ፣ ያለ ጌታ።"

ፔቲፎርድ፦ "ደመና ነው ጌታዬ፣ ሃያ መቁጠር አለባት፤
ቢነቃነቁ ፊትዎ እንደ ጭስ ይበተናል በመስታወት።"
"ቁጠሪ" አለ ክረንሾ።

ቆጠርኩ።
አንድ። ሁለት። ዝናቡ በጣራው ላይ።
ሰባት። ዓይኑ ካሜራውን አልፎ፣ ሌላ ሰው ሊያይ።
አሥራ አንድ። ትንፋሹን ይዟል፤ እኔም ይዣለሁ።
አሥራ ስድስት። ላጭበረብርለት አሰብኩ፣ ሁለት ልዝለልለት፤ ትቻለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ላይ
ጉሮሮው፣ ምራቅ እንደ ዋጠ ሰው፣ አንዴ ተንቀሳቀሰ።
ሃያ። ክዳኑ ተዘጋ። ሰውየው ትንፋሹን መለሰ።

በጨለማው ክፍል፣ በቢጫው ፋኖስ፣ ሥዕሉ ሲወጣ፣
ፊቱ ጥርት ያለ፣ ያልፈራ፣ ያልተቆጣ፤
ኮሌታው ላይ ብቻ፣ አንገት ከሸሚዝ በሚገናኝበት፣
ጭጋግ። አንድ ጣት ያህል። የሆነ ነገር ያለፈበት።

ፔቲፎርድ ብሩሹን አነሣ፣ ሊጠግን፣ ሊያድነው፤
እጁን ይዤ "ይተዉት" አልኩ፣ "ያ እኮ እሱ ነው።"
እዚያ ቤት ከቁጥር በቀር
የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነበር።

ሰባቱ ታተሙ። በየፀጉር ቤቱ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣
ከምስማር ሳይወርዱ ቢጫ ሆኗል ወረቀቱ።
አታሚው ያቺን ጭጋግ ጠልቶ፣ ወይ እንከን መስላው፣
ወፍራም ጥቁር ከረባት ሥሎ አለበሰው።
"ምን ያማረ ከረባት" ይላል ሰው ሲያልፍ፤
እኔ አሮጊቷ ፊቱ ቆሜ እቆጥራለሁ፣ በከንፈሬ ጫፍ፤
ዝናብ ባይኖርም፣ ጣራው መስታወት ባይሆንም፣
አሥራ ዘጠኝ ላይ እደርሳለሁ፤
ሃያን አልልም።