ሰላሳ አንድ ቁልፍ

ወገቤ ላይ አለ ሰላሳ አንድ ቁልፍ፣
ስሄድ የሚንጫጫ፣ ስቆም የሚያርፍ።
የትኛው የየት ነው? ጣቴ ነው የሚያውቀው፣
መብራት ጠፍቶም ቢሆን ጥርሱን ዳሶ ሚለየው።
ይኸ ረጅሙ ለመምህራን ማረፊያ፣
ይኸ ዝገት የበላው ለወረቀት ማኖሪያ።
አስራ አራት ዓመት እዚህ ስጠርግ፣ ስወለውል፣
ወንበር አንስቻለሁ፤ ቁጭ ማለት ግን፣ ምን ሲባል!

ከአጥሩ ማዶ ባሕር ዛፍ አለ፤ የሐዴራ ሰዎች ጥንት ለረግረጉ የተከሉት፣
ሳይናገር ውሃ የሚመጥ። እኔንም እንደሱ ነው የሚያውቁት።

ኔታኔል በኮሪደር ሲያልፍ አያየኝም ነበር፣
ጓደኛ ይዞ ከሆነ ግድግዳውን ያያል፣ ጥግ ይዞ፣ ከዳር።
ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም፣
ሆዴ ግን አይረሳም።

ያን ማክሰኞ ማታ የወላጅ ኮሚቴ ሊመረጥ ተጠራ፣
እስኪያልቅ ከበር ቆምሁ፣ ከመወልወያዬ ጋራ።
ማዛል ናት ሰብሳቢዋ፣ ድምጿ ያለ ማይክ የሚደርስ፣
«ከአራተኛ ለ ማን አለ?» ብትል ጠፋ የሚመልስ።
«የኢትዮጵያውያኑ ወላጆች አይመጡም» አለ አንድ ባለመነጽር፤
አይመጡም! እኔ ከትከሻው ኋላ፣ ቆሜ ከበሩ ሥር።
ፈንታሁን የሰው ቦርሳ ይፈትሻል፣ የገበያ ማዕከል በር ላይ፣
ብሪቱ ፋብሪካ ናት፣ ሌሊትን ከቀን ሳትለይ።
መቅረት ሌላ ነው፣ አለመፈለግ ሌላ፤
ይኸን በዕብራይስጥ ልል ስል ጉሮሮዬ ላይ ተበላ።

እጄን ሳነሳ ያ ቁልፍ ሁሉ ጮኸብኝ፣
አዳራሹ ሙሉ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ አየኝ።
«ኔታኔል የኔ ነው፤ ከአራተኛ ለ» አልሁ፣
ከዚያ ወዲያ ቃል አጣሁ፤ ዝም ብዬ ቆምሁ።
ላሪሳ ናት ቀድማ ወንበር የሳበችልኝ፣
ዕብራይስጧ እንደኔው ስብርብር፣ «ቁጭ በይ» ያለችኝ።

ወር ሙሉ ስለ አጥሩ ቀለም ተወራ፣
ለፑሪም ከረሜላ ማን ያምጣ፣ በማን ተራ።
በሦስተኛው ስብሰባ ፌስታል ይዤ ገባሁ፣
ጠረጴዛው ላይ፣ ከብስኩቱ ጎን፣ ዘረገፍሁ፦
አርባ ሁለት ደብዳቤ፣ የተጨማደደ፣
በብርቱካን ጭማቂ የራሰ፣ ግማሹ የተቀደደ፣
«ውድ ወላጆች» የሚል፣ ከቅርጫት የለቀምሁት፣
ቤት ያልደረሰ። ቢደርስስ ማን ያነበው? ያልሁት።
«ጥራጊ አይዋሽም» አልኋቸው በሰባራ ቋንቋዬ።
ማዛል ዝም አለች። የማዛል ዝምታ! ምን ያህል እንደሆነ ባወቅህ፣ ጌታዬ።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው በድምፅ ነው የሚሄደው፣
እኔ ባማርኛ፣ ላሪሳ በሩስኛ በስልክ የምንቀዳው።
ኔታኔል ያነብልኛል፤ አንዳንዴ ይዘላል መስመር፣
ስለ ራሱ የተጻፈ ሲሆን። የደረስሁበት ቆይቼ ነበር።
ፈንታሁን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ሰማሁ» አለኝ፣
አንዲት ቃል ናት። እኔን ግን እስኪነጋ አቆየችኝ።

ሁሉ ተቃና አልልም። የሦስተኛ ፎቅ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፣
በማጠናከሪያው ክፍል ዛሬም የኛ ልጅ ይበዛል፤
ለምን ስል «ይታያል» ይሉኛል፤ «ይታያል» ማለት ምን ይሆን?
በቃለ ጉባኤው ጻፉልኝ አልሁ፣ ያሉበትን ቀን።

ስብሰባ ሲያበቃ ሰው ይወጣል፤ እኔ እቀራለሁ፣
ኮቴን ሰቅዬ መወልወያዬን ከባልዲው አወጣለሁ።
ባለፈው ማክሰኞ ግን ባለመነጽሩ አልወጣም፣
ወንበር አንስቶ ቆመ፤ የት እንደሚያኖረው አያውቅም።
«እዚያ» አልሁት፣ ሳላስበው፣ ባማርኛ።
ሄደና አኖረው። ተመለሰ ደግሞ፣ ለሁለተኛ።