የላሚቱ ሸራ

ጥቅምት ገባ ጂማ፤ ጉም ከጂረን ወርዶ፣
አዌቱን ተሻግሮ፣ ከደጃችን ማዶ፣
ቡናው ቀልቶ ቆየን ከመቃብሩ ጎን፤
ቄሱም ኪዳን አድርሰው «እንግዲህ እንውረድ» አሉን።

የቀሚሳቸውን ጫፍ በመቀነት ሰክተው፣
መምሬ ኅሩይ ቀደሙ፣ ቅርጫት አንግተው።
የሰንበት ተማሪው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ
ይለቅማል፣ ይሳሳቃል፣
አንዱ መዝሙር ሲያወጣ፣ ሌላው ግጥም ሲያገድፍ።
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል ጉልበቷን እያማት፣
«እኔ የታችኛውን፣ ላይኛውን ለወጣት»
ብላ ተቀምጣ፣
የረገፈውን ፍሬ ካፈር ትለያለች፤
«እመቤቴ እኮ የወደቀ አትጥልም» ትላለች።

እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቡና መጋዘን
ፈረሱላ ስቆጥር፣ ስጽፍ፣ ስመዝን
ያረጀሁ ሰውዬ። ጡረታ ስወጣ
ሰበካው ሾመኝ ከነመነጽሬ፣
ከነሚዛኔ ጣጣ።
አሥራት እጽፋለሁ፤
አንዷ ሁለት ኪሎ፣ አንዱ ግማሽ ኬሻ፣
ገንዘብ ያጣው ደግሞ የጉልበቱን ድርሻ።
ከዳውሮ የመጡት፣ ለለቀማ ያደሩት ልጆች ግን
ያንድ ቀን ደሞዛቸውን ትተው፣
ለማያውቁት ደብር ሲለቅሙ ዋሉ።
እሱን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ጣሪያው ነው ነገሩ።
ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ሦስት ቦታ ያፈሳል፤
በክረምት ከበሮው እርጥበት ይቀምሳል፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይዞት፣
እየመታነው ያስላል።

አምና በዚህ ወቅት፣ በዚሁ ሚዛን ፊት፣
ወርዶፋን ሰደብኩት።
አሥራቱን አምጥቶ ካለው ቢጎድልብኝ፣
«ለእግዜርም ታጎድላለህ?» አልኩት፤ ሰው ሰማኝ።
ኬሻውን አስቀምጦ፣ ቃል ሳይተነፍስ
ወጣ።
ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ
ተሳልሞ ሲመለስ
አየዋለሁ፤ ያየኛል፤
መንገዱ ጠቦን እንኳ አንነጋገርም።

ሐምሌ ላይ ሚዛኑን ልወለውል ስፈታ፣
ሞላው ላልቶ አገኘሁት፣ ከቆየበት ቦታ።
የጎደለው ሞላው ነበር።
አጠበቅኩት። ዝም አልኩ።
መዝገብ ያዥ ነኝና ዝምታዬን አልመዘገብኩ።

የጽጌ ቅዳሜ፤ ማኅሌት ቆመናል።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ይመራል፣ ጸናጽሉ ይከተላል።
እኩለ ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ተመታ፤
ዝናብ! ያለጊዜው፣
ያውም የጂማ ዝናብ፣ የማያመነታ።
ቡናው ሜዳ ላይ ነው፣ በሽቦ አልጋ ተሰጥቶ፣
ጀንፈል ሊሆን ሁለት፣ ሦስት ፀሐይ ቀርቶ።
መቋሚያዬን ጥዬ፣ ባትሪዬን አብርቼ
ሮጥኩ፣ ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረና።

አልጋዎቹ ሁሉ ተሸፍነዋል።
ሸራው ተወጥሯል፣ ጠርዝ ጠርዙን ድንጋይ ተጭኖታል፤
ከወዲያኛው ጫፍ ገመድ በጥርሱ ይዞ ሲያጠብቅ፣
ወርዶፋ ቆሟል፣ ልብሱ ውሃ ሲያፈልቅ።

«ወርዶፋ…» አልኩት፤ ዝናቡ ቃሌን ዋጠው።
«ያን ጫፍ ያዝ» አለኝ፣ «ነፋስ ነው የሚገልጠው።»
ያዝኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ ነው አልኩ ለራሴ።
«ሚዛኑ ነው» አልኩ ጮኼ፣ «ሞላው ነው የላላው፤
አንተ አላጎደልክም።»
መልስ የለም። ከውስጥ ከበሮው ያስላል።
ቋጠሮውን ፈትሾ፣ ደግሞ ፈትሾ፣
«ይህንን ሲነጋ ለሰማው ሰው ንገር፤
አሁን ግን ና፣ አንድ ጣጣ አለብኝ» አለ፣
«ይሄ ሸራ ከላሜ በረት ነው የተገፈፈ፤
ጣሪያ የላትም፤ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው።»

አጥሩን ዘለልን፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ።
ዳለቻዋ ላም ጥጃዋን ከሆዷ ሥር ሸጉጣ ቆማለች።
ለማኅሌት የለበስኩትን ጋቢ
አውልቄ ጀርባዋ ላይ ደረብኩ፤ እሱ ኬሻ ጨመረ።
ሁለት ሽማግሌ ግራና ቀኝ ሆነን
ጠርዙን ይዘን ቆምን፤
ጸናጽሉ ከሩቅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
ላሚቱ ታመነዥካለች፤
እኛም ምንም ሳንል
ሌሊቱ ይነጋል።